«ዜሮ በመቶ» የተባልኩበት ዕዳ 682 ዶላር አስከፈለኝ

የዕዳ ነገር ገበና ነው። ሰው ፊት አይወራም። ስለዚህ ይህን ለመጻፍ ብዙ አመንትቻለሁ። ባለፈው ሰሞን ግን አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ስልኳን እያሳየችኝ «አየሽ፣ ለ18 ወር ያለ ወለድ ተፈቀደልኝ!» አለችኝ። ፊቷ በደስታ በርቷል። ያንን ደስታ አውቀዋለሁ፤ እኔም እንደዚያው ፈንድቄ ነበር። በዕረፍት ሰዓታችን ቁጭ አልንና ያለፍኩበትን ከሀ እስከ ፐ ነገርኳት። ለእሷ የነገርኳትን ነው እዚህ የምጽፈው።

የተፈቀደላት ባላንስ ትራንስፈር የሚባለው ነው። አሜሪካ ለምንኖር ሰዎች ባላንስ ትራንስፈር ማለት ወለዱ ከበዛበት ክሬዲት ካርድ ላይ ያለውን ዕዳ፣ ለተወሰነ ጊዜ ወለድ ወደማይጠይቅ አዲስ ካርድ ማዛወር ነው። አዲሱ ባንክ አሮጌውን ይከፍልልሻል፤ አንቺ ደግሞ ለአዲሱ ትከፍያለሽ። ሐሳቡ በራሱ መጥፎ አይደለም። እንዲያውም በትክክል ከተሠራበት ሰውን ከብዙ ወለድ ያድናል። እኔን የጎዳኝ ሳልጠይቅ የገባሁበት መሆኑ ነው።

የኔ ዕዳ 6,400 ዶላር ነበር። የመኪናዬ ሞተር ተቃጠለ፣ በዚያው ሰሞን ሥራ ላይ ሰዓት ቀነሱብኝ፣ የጎደለውን ሁሉ ካርዱ ሞላው። የካርዱ ወለድ በዓመት 24.99 በመቶ ነው። በወር ሲሰላ 133 ዶላር ያህል ለወለድ ብቻ ይሄዳል። 200 ዶላር ከፍዬ ዕዳው የሚቀንሰው በ67 ዶላር ብቻ ነበር። ባለቤቴና እኔ ማታ ማታ ስለዚህ ነገር ማውራት አቁመን ነበር፤ ካወራን እንጣላለን።

እንዲህ ባለሁበት ነው ደብዳቤው የመጣው። ትልቅ ዜሮ አለበት። «ለ15 ወር 0 በመቶ» ይላል። ስልኬ ላይ ሞላሁት፣ በደቂቃዎች ውስጥ ተፈቀደልኝ። ሊሚቱ፣ ማለትም ካርዱ የሚፈቅደው የዕዳ ጣሪያ፣ 8,000 ዶላር። ዕዳዬን በሙሉ ይችላል ማለት ነው። ለባለቤቴ «በቃ፣ ከእንግዲህ ዕዳው ገብስ ነው» ያልኩት ያን ቀን ነው።

የመጀመሪያው ስቴትመንት፣ ባንኩ በየወሩ የሚልከው የሒሳብ ወረቀት፣ ሲመጣ ግን 6,400 አይልም። 6,720 ይላል። ተሳስተው መስሎኝ ደወልኩ። አልተሳሳቱም። 320 ዶላሩ የማዛወሪያ ክፍያ ነው፣ ትራንስፈር ፊ የሚሉት። ካዛወርኩት ገንዘብ 5 በመቶ። ወለድ ስላልሆነ «ዜሮ በመቶ» የሚለው ቃል አይመለከተውም። ገና አንድ ቀን ሳልጠቀምበት ዕዳዬ ጨመረ።

ይህ ክፍያ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 በመቶ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ በኔ ዕዳ ላይ ሲሰላ ግን 3 በመቶ ቢሆን 192 ዶላር ነበር የምከፍለው። 128 ዶላር የጨመርኩት ሌላ ካርድ ሳላይ ቸኩዬ ስለሞላሁ ብቻ ነው። የት ነው የሚገኘው ብትሉ፣ ሕጉ ባንኮች ወለዱንና ክፍያዎቹን በአንድ ሠንጠረዥ እንዲያስቀምጡ ያስገድዳቸዋል። ማመልከቻው ላይ አለ። ትልቁን ዜሮ እለፉትና ወደ ሠንጠረዡ ውረዱ። «ባላንስ ትራንስፈር» ከሚለው ረድፍ ወለዱን፣ «ፊ» ከሚለው ክፍያውን አንብቡ፤ ከዚያ ከምታዛውሩት ገንዘብ ጋር አባዙት። ወረቀት ላይ ጻፉት። በሐሳብ የሚሰላ ነገር አይታመንም።

ሁለተኛው ጥፋቴ አሮጌውን ካርድ የሞተ አድርጌ መቁጠሬ ነው። «እነሱ ይከፍሉልኛል» ብዬ መክፈል አቆምኩ። ባንኩ ገንዘቡን ለመላክ ከፈቀደልኝ ቀን ጀምሮ 19 ቀን ፈጀበት። በመሀል የአሮጌው ካርድ የመክፈያ ቀን መጥቶ ሄደ። ገንዘቡ የደረሰው ቀኑ ካለፈ ከ3 ቀን በኋላ ነው። የ29 ዶላር ቅጣት።

በዚያ ላይ ሌላ 123 ዶላር። ይህ ከየት መጣ? እኔ ያዛወርኩት መጨረሻ ላይ የደረሰኝ ስቴትመንት ላይ የነበረውን ቁጥር ነው። ወለድ ግን ስቴትመንት ከተዘጋ በኋላም አያርፍም፤ በየቀኑ ይቆጥራል። በ6,400 ዶላር ላይ በቀን 4 ዶላር ከ38 ሳንቲም ገደማ ነው። ስቴትመንቱ ከተዘጋ ጀምሮ ገንዘቡ እስኪደርስ 28 ቀን ሆነ፤ 123 ዶላር ተጠራቀመ። ካርዱን «ዜሮ ሆኗል» ብዬ መሳቢያ ውስጥ ጥዬው ነበር። ደግነቱ ፖስታውን ከፈትኩት። ሳልከፍተው ብቀር ኖሮ በየወሩ ቅጣት እየተጨመረበት ክሬዲት ስኮሬን፣ ባንኮች ለማበደር የሚያዩትን ነጥብ፣ ይዞ ይወርድ ነበር።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ማዛወሩ መጠናቀቁን በዓይናችሁ እስክታዩ ድረስ የአሮጌውን ካርድ ሚኒመም፣ ማለትም ባንኩ በወሩ የግድ የሚጠይቀውን ትንሹን ክፍያ፣ መክፈላችሁን አታቁሙ። ሁለት ጊዜ የከፈላችሁ ይመስላችኋል እንጂ የከፈላችሁት ከዕዳው ላይ ይቀነሳል። ትርፍ ከሆነም የናንተው ገንዘብ ነው፤ ተመላሽ መጠየቅ ትችላላችሁ። ከዚያ ወደ አሮጌው ባንክ ደውሉና «ዛሬ ሙሉ በሙሉ ለመዝጋት ስንት ነው የምከፍለው?» በሉ። ስቴትመንቱ ላይ ያለውን አታምኑ፤ የዛሬውን ጠይቁ።

እነዚህ ሁለቱ አናደዱኝ እንጂ አልሰበሩኝም። የሚከተለው ግን ለስድስት ወር ያህል ሳላውቀው ሲበላኝ የኖረ ነው። ብዙ ሰው የሚጠመደውም እዚህ ላይ ይመስለኛል።

አዲሱ ካርድ ላይ 1,280 ዶላር ክፍት ሊሚት ቀርቶኝ ነበር። «ወለድ የለውም» ብዬ አስቤ የወር አስቤዛውንና ነዳጁን በሱ ማድረግ ጀመርኩ። በወር ወደ 700 ዶላር ይሆናል። ስቴትመንት ሲመጣ 1,000 ዶላር እከፍላለሁ። በኔ ሒሳብ 700ው የወሩን ግዢ ይዘጋል፣ 300ው ደግሞ ከዕዳው ይቀነሳል። የቀረውን በታክስ ተመላሽ እሞላዋለሁ ብዬ ነበር። አንድም ቀን አላሳለፍኩም። በሰዓቱ፣ ከሚኒመሙ በላይ፣ በየወሩ። እንደዚያ ጎበዝ ሆኜ አላውቅም።

የአንድ ጎረቤታችን ነገር እዚህ ጋ ይመጣል። ጋሼ እላቸዋለሁ። ለብዙ ዓመት የሒሳብ ሠራተኛ ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የታክስ ወረቀቴን እንዲያዩልኝ ሄጄ፣ ከወረቀቶቹ መሀል የካርዱ ስቴትመንት አብሮ ወጣ። አነሱት። የፊቱን ገጽ አላነበቡም፤ ገልብጠው የመጨረሻውን ገጽ ማየት ጀመሩ። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

«ይሄ ካርድ ወለድ የለውም ነበር ያልሽኝ?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ፣ እስከ 15 ወር ዜሮ ነው።»

«እንግዲያው ይሄ 20 ዶላር ከ70 ምንድን ነው?»

ጣታቸው ያለበትን ቦታ አየሁ። «ኢንተረስት ቻርጅ ካልኩሌሽን» የሚል ትንሽ ሠንጠረዥ ነው። ሦስት ረድፍ አለው። አንደኛው ግዢ፣ ሁለተኛው ባላንስ ትራንስፈር፣ ሦስተኛው በካርዱ የሚወጣ ጥሬ ገንዘብ። የባላንስ ትራንስፈሩ ረድፍ ላይ 0.00 በመቶ፣ ወለድ 0.00 ይላል። የግዢው ረድፍ ላይ ግን 26.99 በመቶ። ወለድ የሚታሰብበት ገንዘብ 933 ዶላር። ወለድ 20.70። ስድስቱንም ስቴትመንት ከቤት አምጥቼ ጠረጴዛቸው ላይ ዘረጋናቸው። በሁሉም ላይ አለ። ሲደመር 120 ዶላር።

መጀመሪያ ያልኩት «እኔ እኮ የገዛሁትን በየወሩ ከፍያለሁ!» ነው። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ ለነሱ አልከፈልሽም። ለነሱ መክፈል ማለት ስቴትመንቱ ላይ ያለውን ሙሉውን መክፈል ነው። ያዛወርሽውንም ጨምሮ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ካርዳችሁን በየወሩ ሙሉ በሙሉ ስትከፍሉ፣ ዕቃ ከገዛችሁበት ቀን እስከ መክፈያው ቀን ድረስ ወለድ አይታሰብባችሁም። ግሬስ ፔሪየድ ይሉታል፤ የእፎይታ ጊዜ ማለት ነው። ይህ እፎይታ ግን የሚሰጠው የባለፈውን ስቴትመንት ሙሉ ለከፈለ ሰው ነው። ባላንስ ትራንስፈር ስታደርጉ ያ ትልቅ ዕዳ ስቴትመንቱ ውስጥ ይገባል። ካልከፈላችሁት ደግሞ፣ መቼም ሊከፈል ስለማይችል ነው የተዛወረው፣ እፎይታው ይነሳል። ከዚያ በኋላ የምትገዙት ማንኛውም ነገር ካርዱን ከነካችሁበት ቀን ጀምሮ ወለድ ይቆጥራል። ዛሬ የ100 ዶላር አስቤዛ ገዝታችሁ ከ40 ቀን በኋላ ብትከፍሉ፣ በኔ ካርድ ወለድ 103 ዶላር ገደማ ሆነ ማለት ነው። በወር በወር ሲታይ ትንሽ ነው። ለዚህም ነው ያልታየኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

ይህ የኔ ብቻ ታሪክ አለመሆኑን ያወቅኩት በኋላ ሳነብ ነው። የአሜሪካ የፌዴራል የሸማቾች የፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ ገና በመስከረም 2014 (እንደ ፈረንጆች) ለባንኮች ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር። እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ሲልኩ፣ ደንበኛው በግዢዎቹ ላይ የእፎይታ ጊዜውን እንደሚያጣ በግልጽ ካልነገሩት ማታለል ሊሆንባቸው ይችላል የሚል ነው። እኔ ወደ ቤቴ ተመልሼ ደብዳቤውን ፈለግኩት። አልጣልኩትም ነበር። ተጽፏል። በጀርባው፣ በደቃቃ ፊደል፣ አንድ ዓረፍተ ነገር። አምስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ቀን አንብቤው ቢሆን እንኳ የሚገባኝ አይመስለኝም፤ «ሙሉ ባላንስ» የሚለው ያዛወርኩትንም እንደሚጨምር ማን ያስባል?

በማግስቱ ባንኩ ጋ ደወልኩ። የመለሰችልኝ ሴት ትሁት ነበረች። ወለዱን እንዲያነሱልኝ ጠየቅኳት። «ላለፉት አይቻልም፤ ውሉ ላይ ያለ ነው» አለችኝ። ሌሎች ተሳክቶላቸዋል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ስለዚህ መጠየቁ አይከፋም። እኔ ግን ከዚያ ስልክ ያገኘሁት ሌላ ነገር ነው። «የዜሮ ጊዜዬ የሚያልቀው መቼ ነው? ትክክለኛውን ቀን ንገሪኝ» አልኳት። ነገረችኝ። 15 ወሩ የተቆጠረው ገንዘቡ ከተዛወረበት ቀን ሳይሆን ካርዱ ከተከፈተበት ቀን ነው። ማዛወሩ 19 ቀን በልቷል፣ የመጀመሪያው ስቴትመንት እስኪመጣ ሌላ ጊዜ አለፈ። 15 ያልኩት ወር በተግባር 14 ክፍያ ብቻ ነው የሚይዘው። ስድስቱ አልፈዋል። 8 ቀርተውኛል።

ያን ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ አካፈልኩ። መጀመሪያ ቀን ማድረግ የነበረብኝ ይህንን ነበር፤ 6,720 ለ14። በወር 480 ዶላር። ያን ቀን ይህን ቁጥር ባየው ኖሮ 300 እንደማይበቃ ወዲያው አውቅ ነበር። አሁን ግን ዕዳው ገና 5,040 ላይ ነው። ለ8 ሲካፈል 630 ይመጣል። የለኝም። የታክስ ተመላሹም ካሰብኩት በጣም ያነሰ ሆነና ለመኪናው ጎማ ዋለ። ባለቤቴን ቀስቅሼ ሁሉንም ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር። ተነስቶ ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ እሱም አካፈለ። 630። ዝም ብለን ተቀመጥን። ከዚያ «በይ፣ ከምን እንጀምር?» አለኝ።

የጀመርነው ካርዱን ከኪስ በማውጣት ነው። ከስልኬም ላይ፣ ከመገበያያ አፖቹም ላይ አጠፋሁት። አስቤዛው ወደ ዴቢት ካርድ ተመለሰ። አንድ ማንም ያልነገረኝ ነገር አለ፤ የመጀመሪያው ወር ከባድ ነው። ያለፈውን ወር 700 ዶላር ለካርዱ ትከፍላላችሁ፣ የዚህን ወር 700 ደግሞ ከእጃችሁ ታወጣላችሁ። በአንድ ደመወዝ የሁለት ወር አስቤዛ ማለት ነው። ለአደጋ ጊዜ ያስቀመጥናትን ገንዘብ ነካን፤ ሥጋ ሳይገባ የከረመበት ወር ነው። ይህን ካላወቃችሁ «ካርዱን ላቆም አልቻልኩም» ብላችሁ በሁለተኛው ሳምንት ትመለሱበታላችሁ። ከቻላችሁ ለሁለት ወር ከፋፍላችሁ ተዘጋጁበት።

ባለቤቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ተጨማሪ ሺፍት ያዘ። እንደምንም 430 ዶላር ላይ ደረስን። ኦቶፔይ፣ በየወሩ ከባንክ አካውንት ራሱ የሚከፍለው፣ ላይ ቋሚ 430 ብዬ ሞላሁት። እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉ። ኦቶፔይ ሲሞላ ብዙ ጊዜ ሦስት ምርጫ ይሰጣል፤ ሚኒመም፣ ሙሉ ስቴትመንት፣ ወይም ራሳችሁ የምትወስኑት ቋሚ መጠን። በልማድ «ሙሉ ስቴትመንት» ያላችሁ እንደሆነ ያዛወራችሁትን ዕዳ በሙሉ ከባንክ አካውንታችሁ ሊስበው ይሞክራል። «ሚኒመም» ካላችሁ ደግሞ ዜሮው ሲያልቅ አብዛኛው ዕዳ እዚያው ነው። ቋሚውን ምረጡ።

በዚህ መሀል ሕጉን አነበብኩት። የ2009ኙን (እንደ ፈረንጆች) የክሬዲት ካርድ ሕግ ማለቴ ነው፤ አብዛኛው ክፍሉ በ2010 የካቲት ላይ ሥራ ላይ የዋለው። እንዲህ ያለ የማስተዋወቂያ ወለድ ቢያንስ 6 ወር መቆየት አለበት። ባንኩ በአንድ ቀን መዘግየት ብቻ የነበረውን ዕዳ ዜሮ ወለድ ሊያነሳ አይችልም፤ ከ60 ቀን በላይ ካለፈ ግን ይችላል። ቅጣቱ ግን ከአንድ ቀን ጀምሮ አለ። ከሁሉም የጠቀመኝ ስለ አከፋፈል ቅደም ተከተል ያለው ነው። ከሚኒመም በላይ የምትከፍሉት ገንዘብ መጀመሪያ ወለዱ ከፍተኛ ወደሆነው ዕዳ ይሄዳል። ሚኒመሙን ግን ባንኩ ዝቅተኛ ወለድ ባለው ላይ ሊያደርገው ይችላል። ይህ ለደንበኛው የሚጠቅም ሕግ ነው። ሆኖም ካርዱ ላይ መግዛት ከቀጠላችሁ፣ ትርፍ የምትከፍሉት ሁሉ ግዢውን ሲያሳድድ ይውላል፤ ያዛወራችሁት ዕዳ ይቆያል። ዜሮ ወለድ ያለው ጊዜ እያለቀ ትልቁ ዕዳ ሳይነካ የሚቀረው ለዚህ ነው።

አንዳንድ ባንኮች ሚኒመሙንና የወሩን ግዢ ከከፈላችሁ እፎይታውን አያነሱም። ስለዚህ የናንተ ውል ምን እንደሚል ጠይቁ። ስትደውሉ «ግሬስ ፔሪየድ አለኝ ወይ?» ብቻ አትበሉ፤ «አዎ» ይሏችኋል። እንዲህ በሉ፦ «ያዛወርኩትን ዕዳ በሙሉ ሳልከፍል አዲስ ዕቃ ብገዛ፣ ከገዛሁበት ቀን ጀምሮ ወለድ ይታሰብብኛል ወይ?» መልሱን ከነቀኑ ጻፉት። አዲሱ ካርድ ለግዢም ዜሮ በመቶ የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ ይህ ችግር ለዚያ ጊዜ አይነካችሁም፤ ግን የሁለቱ ዜሮ የሚያልቅበት ቀን ሊለያይ ስለሚችል ሁለቱንም ጠይቁ።

15ኛው ወር ሲያልቅ 1,600 ዶላር ቀርቶኝ ነበር። በሳምንቱ ሌላ ደብዳቤ ከሌላ ባንክ መጣ። ያው ትልቅ ዜሮ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እጄ ወደ ስልኬ ሄዶ ነበር። ባለቤቴ «መጀመሪያ እናስላው» አለ። 5 በመቶ ማዛወሪያ 80 ዶላር ነው። በ26.99 በመቶ ላይ እንዳለሁ በወር 430 ብከፍል ደግሞ በ4 ወር ያልቃል፤ ወለዱ ሁሉም ተደምሮ 90 ዶላር ገደማ። ለ10 ዶላር ብዬ አዲስ ካርድ፣ አዲስ የክሬዲት ምርመራ፣ አዲስ ደቃቅ ፊደል? ተውኩት። ዕዳው በጣም ትልቅ ለሆነ ሰው ሁለተኛ ማዛወር ሊያዋጣ ይችላል። ብቻ በቁጥር ይታይ እንጂ በዜሮው ትልቀት አይወሰን።

አሁን ድምሩን ላስቀምጠው። 320 ማዛወሪያ፣ 123 የአሮጌው ካርድ ቀሪ ወለድ፣ 29 ቅጣት፣ 120 የግዢ ወለድ፣ 90 የመጨረሻዎቹ ወራት ወለድ። 682 ዶላር። ማጋነን አልፈልግም፤ በአሮጌው ካርድ ላይ ቆይቼ በወር 400 እየከፈልኩ ብቀጥል ኖሮ ወለዱ ከ1,400 በላይ ይሆን ነበር። ስለዚህ ማዛወሩ ጠቅሞኛል። ግን ቅጣቱን፣ የግዢውን ወለድና የመጨረሻውን 90፣ አንድ ላይ 239 ዶላር፣ መክፈል አልነበረብኝም። ያ የአንድ ሰው የቅዳሜ ሺፍቶች ገንዘብ ነው። ባለቤቴ በዚያ ዓመት ስንት ቅዳሜ ከልጆቻችን ጋር እንዳልዋለ እኔ አውቃለሁ።

የሥራ ባልደረባዬ ሌሎች ጥያቄዎችም ነበሯት። የጠየቀችኝን ሌሎቻችሁም ትጠይቁኛላችሁና ልጨምር። በአንድ ባንክ ካርዶች መካከል ማዛወር አብዛኛውን ጊዜ አይፈቀድም፤ ስለዚህ ዕዳው ካለበት ባንክ ሌላ ካርድ አታውጡ። ሊሚቱ ስንት እንደሚሆን ከመፈቀዱ በፊት አይታወቅም፤ ማዛወሪያ ክፍያውም ከሊሚቱ ውስጥ ነው የሚቆጠረው። ዕዳው በሙሉ ላይገባ ይችላል። ዜሮውን ለማግኘት ብዙ ካርዶች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወይም ወራት ውስጥ ማዛወርን ይጠይቃሉ፤ ያ ቀን ካለፈ ዜሮው የለም። በፖስታ የሚላኩትን ቼኮች ደግሞ ሳትጠይቁ አትጠቀሙባቸው። አንዳንዶቹ እንደ ጥሬ ገንዘብ ብድር ይቆጠራሉ፤ ያ ወለዱ ከፍ ያለ ነው፣ እፎይታም የለውም።

አንዱን ግን ጠበቅ አድርጌ ነው የነገርኳት። የዕቃ መደብሮች ካርድ ላይ «በ12 ወር ውስጥ ሙሉ ከተከፈለ ወለድ የለም» የሚል አለ። ከባላንስ ትራንስፈሩ ዜሮ ጋር አንድ ይመስላል፤ አይደለም። እዚያ ወለዱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በድብቅ እየተቆጠረ ነው የሚጠብቃችሁ። በ12 ወር ውስጥ ጥቂት ዶላር እንኳ ብትቀር የዓመቱ ወለድ በሙሉ በአንድ ጊዜ ይወርድባችኋል። የምታውቁበት ቃል «ከተከፈለ» የሚለው ነው። «ከ» ካለበት ተጠንቀቁ።

ማዛወር ከማይችሉት ወገን ከሆናችሁ፣ ማለትም ስኮሩ ወርዶ ካርድ የሚከለከል ከሆነ፣ በናንተ ቦታ ብሆን ትርፍ የማይሠሩ የዕዳ አማካሪ ድርጅቶች ጋ እሄድ ነበር። ከባንኮቹ ጋር ተነጋግረው ወለድ የሚያስቀንሱ አሉ። ቅድሚያ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቃችሁን ግን ሽሹ።

አሁን በመሀሉ ላይ ያላችሁ ደግሞ ዛሬ ማታ የመጨረሻውን ስቴትመንት አውጡና ወደ መጨረሻው ገጽ ሂዱ። ያንን ትንሽ ሠንጠረዥ ፈልጉት። የግዢው ረድፍ ላይ የወለዱ ገንዘብ 0.00 ዶላር ከሆነ ደህና ናችሁ። ሌላ ቁጥር ካለ ነገ ጠዋት ካርዱን ከኪሳችሁ አውጡ።

እኔ የመጨረሻውን ክፍያ ከፍዬ ካበቃሁ በኋላም አልተኛሁም። በሚቀጥለው ወር የ4 ዶላር ከ12 ሳንቲም ስቴትመንት መጣ፤ ከስቴትመንት እስከ ከፈልኩበት ቀን የተቆጠረ ወለድ። ከፈልኩት። በሚቀጥለውም ወር ገብቼ አየሁ። 0.00። አንድ ወር ደግሞ ጠበቅኩ። 0.00። ያን ጊዜ ነው ወረቀቱን ይዤ ጋሼ ቤት የሄድኩት። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው፣ እንደ ልማዳቸው መጨረሻውን ገጽ ገልብጠው አዩት።